ድንኳኑን የጠበቀ ቅሬ ሶላሩን መጠበቅ ያቅተዋልን?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ሶላር መብራት እንዲያጠና በተመረጠው ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)

ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን ለተለዩት ወገኖቻችን ለክርስቲያኖቹ መንግሥተ ሰማያትን፣ ለሙስሊሞቹ ጀነትን እየለመንን፣ ለቀሩት ቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። መቼም እኛ ወሎዬዎች ቀባሪያችንም ለቀስተኛችንም አንድ ስለሆነ፣ ጸሎቱና ዱዓው ባንድ ላይ ቢያርግ የሚቆጣን የለም።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለሦስታችን አንድ አደራ ተሰጥቶን ነበር። አደራውም ለጤና ኬላችን፣ ለትምህርት ቤታችንና ለእድራችን ዕቃ ቤት የሶላር መብራት ለማስገባት ቅሬው ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ የሚለውን አጥንታችሁ ንገሩን የሚል ነው። እኛም በበኩላችን መርሳም ወልድያም ተመላልሰን፣ ያስገቡትን አይተን፣ የተበላሸባቸውን ጠይቀን፣ ከነጋዴውም ከባለሙያውም ጋር ተነጋግረን ተመልሰናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ያንኑ ነው። ንግግራችን ረዘም ቢልባችሁ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታገሡን።

ቅሬ ለሞት ብቻ ነውን?

ነገሩ መጀመሪያ የተነሣ ለት አንድ አባታችን ብድግ ብለው «ኧረ እናንተ ልጆች! ቅሬ የተቋቋመው ለሬሳ ነው። የመንግሥት ቤት አልበራ ቢል ለእኛ ምናችን ነው? የቀብር ገንዘብ ለአምፖል ይውጣ የሚል ደንብ የት አለ?» ብለውን ነበር። ይህን ጥያቄ ንቀን አላለፍነውም። የእድር ገንዘብ የድኃ ገንዘብ ነው፤ ከልጅ አፍ ተቀንሶ የሚዋጣ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ለእሳቸው መልስ ልንሰጥ ይገባናል።

መልሳችንን ከዕቃ ቤታችን እንጀምር። ድንኳኑ አለ፣ ሰታቴው አለ፣ አግዳሚ ወንበሩ አለ፤ ቃሬዛውም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለመሆኑ ቃሬዛው የስንት ሥራ ዕቃ ነው? ሬሳ ይሸከማል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ምጥ የጠናባትን ሴት፣ ከዛፍ የወደቀውን ልጅ፣ ወባ የጣለውን ጎልማሳ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ፣ አልፎም እስከ መርሳ የሚያደርሰው ይኸው የቅሬ ቃሬዛ አይደለም እንዴ? በሽተኛ ለመሸከም ተጠርቶ የቀረ አባል ለቀብር ከቀረው እኩል ይቀጣል፤ ይህም በመዝገባችን ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ አባቶቻችን ቅሬን ያቆሙት ለሞት ብቻ ሳይሆን ሞትን ለማዘግየትም ጭምር ነው። በሽተኛውን ተሸክሞ የሚያደርስ ቅሬ፣ በሽተኛው የሚገባበት ቤት ጨለማ እንዳይሆን ቢያስብ ከደንቡ ወጣ ሊባል አይችልም።

ስለዚያች ሌሊት

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ጦርነቱ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ላይ በነበረበት ጊዜ መብራትም ስልክም ባንክም መቋረጡን ሁላችንም የኖርነው ስለሆነ ብዙ አንናገርም። ወፍጮ ቤቱ ቆሞ እናቶቻችን ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። ሻማ እንደ ወርቅ ተወደደ። ከተማው ከተለቀቀ በኋላም ቢሆን መብራቱ ወዲያው አልመጣም።

ከነዚያ ሌሊቶች በአንዱ የአንድ አባላችን ባለቤት ምጥ ያዛት። ይህን የምንናገረው እሷም እሱም ፈቅደውልን ነው። ጡሩምባ መንፋት ስለማይቻል ቤት ለቤት ተጠራርተን በቃሬዛ አነሣናት። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ የሚታለፍ አልነበረምና ጤና ኬላችን አደረስናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እኅታችን አልሸሸችም ነበር፤ በሩን ከፈተችልን። በእጅ ስልክ መብራት ያዝንላት፤ ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠፋ። ኩራዝ ለኮስን፤ ጢሱ ክፍሉን ሞላው። ሠራተኛዋ «አታስጠጉብኝ፣ ዓይኔን አቃጠላችሁት» ትላለች፤ ስናርቀው ደግሞ እጇ ያለበት አይታያትም። እናትየዋ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች። ሕፃኑ ግን ጎሕ ሲቀድ አለፈ። ለሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ ጥቂት ሰዎች ሆነን አፈር አልብሰነው ተመለስን።

መብራት ቢኖር ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ብለን አንምልም፤ ሐኪሞች አይደለንምና። የምንምለው በሌላ ነገር ነው። በዚያች ሌሊት ከራሳችን በላይ፣ በዚያው ጤና ኬላ ቆርቆሮ ላይ፣ ሁለት የሶላር ፓኔሎች ነበሩ። ሁለቱም ሥራ ካቆሙ ዓመታት አልፏቸው ነበር።

ሶላሩን ማን ገደለው?

ይህ ሶላር በእርዳታ የመጣ ነበር። ሰጪዎቹ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ አቆሙት፣ አበሩት፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን አጨብጭበን ሸኘናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ቤቱ እንደ ከተማ ቤት ሲበራ አመሸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሠራተኞቹም ከዘበኛውም ጠይቀን እንደሚከተለው አረጋግጠናል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ስልክ ያለው ሁሉ መጥቶ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። የእርሳስ ባትሪ ግን እስከ መጨረሻው ጠብታ የሚጠጣ ገንቦ አይደለም፤ ከያዘው ግማሽ ያህሉን ተጠቅመው ካልሞሉት ቶሎ ይሞታል። ለምሳሌ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚባለው ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ግን በየሌሊቱ ከ600 በላይ ሊወሰድበት አይገባም። የእኛው በየቀኑ እስከ ታች ይጨመቅ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የባትሪው ውሃ ሲቀንስ ዘበኛው ደግ ያደረገ መስሎት ከምንጭ ቀድቶ ሞላበት። ለዚህ ዓይነቱ ባትሪ የሚጨመረው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የምንጭ ውሃ ጨውና ማዕድን ስላለበት ውስጡን ያበላሸዋል። በዘበኛው አንፈርድም፤ የነገረው ሰው አልነበረምና።

በሦስተኛ ደረጃ፣ አንድ ቀን ሸሚዙን ሊተኩስ ካውያ የሰካ ሰው ነበር። አንድ አምፖል 7 ዋት ያህል ሲበላ ካውያ ግን 1,000 ዋት ያህል ይበላል። ኢንቨርተሩ ያንን መሸከም ስላልቻለ እዚያው ተቃጠለ። ሰውዬው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ አሁን እዚህ ተቀምጦ ይስቃል፤ ስሙን አንጠራም።

በአራተኛ ደረጃ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው ማንጎ አደገና ከሰዓት በኋላ በፓኔሉ ላይ ጥላውን ጣለ። በፓኔል ውስጥ ያሉት ክፍሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ፣ ጥላው አንዱን ጥግ ብቻ ቢሸፍነውም የመላውን ፓኔል ጉልበት ያደክመዋል። ማንጎውን የሚቆርጥ አልተገኘም። ፓኔሉን ከአቧራ የሚወለውልም አልነበረም።

እነዚህ ሁሉ ግን ትንንሾቹ ምክንያቶች ናቸው። ዋናው ምክንያት ባለቤት ማጣት ነው። ሲበላሽ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ላከን፤ ሌላውም የሰጡት ይጠግኑት አለ፤ የሰጡትም ፕሮጀክታቸው አልቆ ሄደዋል። እኛስ ምን አልን? «የመንግሥት ነው» አልን። የሁሉም የተባለ ነገር የማንም ሳይሆን ቀረ።

እስቲ አሁን ደግሞ ድንኳናችንን እንመልከት። ድንኳናችን ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች የአንዳንዶቹ ታላቅ ነው፤ እነሱ ሳይወለዱ የተገዛ ነው። እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? ዝናብ ከመታው ሳይደርቅ አይታጠፍም። ሲወጣ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ሲገባ ተቆጥሮ ይገባል። ካስማ ያጠፋ ይተካል፤ የቀደደ ያሰፋል። ቁልፍ ያዥ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው። ሶላሩ ያጣው ይህንን ነው። ዕውቀቱን ከባለሙያ ልንገዛ እንችላለን፤ የጋራን ዕቃ የመጠበቅ ልማድ ግን ከገበያ አይገዛም፤ እሱ ደግሞ አስቀድሞ በእጃችን አለ። የኮሚቴያችን ጠቅላላ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

ከሌሎች ምን ተማርን?

ሶላር ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1985፣ በእኛ 1977/78 መሆኑ ነው፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚያመነጭ ሶላር ተተክሎ ለ300 ያህል አባወራዎችና ለትምህርት ቤቱ መብራት ሰጥቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ ውሃ እንዲስብና እህል እንዲፈጭ ተደርጓል።

ከዚያ ወዲህ በክልላችን ይበልጥ የታወቀችው በሰሜን ሸዋ ያለችው ሬማ ናት። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የሚባል የጀርመን ድርጅት በሬማና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ ቤቶችን በሶላር አብርቷል። ከብዛቱ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው አሠራሩ ነው። ተጠቃሚው ለጥገናና ለባትሪ መለወጫ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ በየወሩ እንዲከፍል ተደረገ፤ የጥገና ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም እዚያው ሬማ ውስጥ ተከፈተ። የሚጠግነው ሰው ከጎረቤት ሆነ ማለት ነው። ድርጅቱም በዚህ ሥራው በ2001 ዓ.ም. አሽደን የተባለውን የእንግሊዝ አገር ሽልማት አግኝቷል።

ከአገር ውጭ ደግሞ በህንድ ራጃስታን፣ ቲሎኒያ በምትባል መንደር፣ ያልተማሩ የገጠር እናቶችንና አያቶችን የሶላር ጠጋኝ የሚያደርግ ቤርፉት ኮሌጅ የሚባል ተቋም አለ። ከአፍሪካ አገሮችም ሴቶች እየሄዱ ስድስት ወር ያህል ሠልጥነው ተመልሰዋል። ፊደል ባይቆጥሩም ሽቦውን በቀለሙ እየለዩ ተምረውታል። ተቋሙ አያቶችን የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወጣት ወንድ የሙያ ወረቀት ሲይዝ ከተማ ይገባል፣ አያት ግን መንደሯን ትታ አትሄድም ይላሉ። ይህ ነገር ለእኛ አገር የተነገረ አይመስላችሁም? የእኛስ ልጆች ሙያ ሲይዙ አዲስ አበባ፣ ሲከፋቸው ሳዑዲ አይደሉም እንዴ?

«ሕዳሴ ተመርቆ የለ?» ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞች «የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የለም ወይ? ታዲያ ሶላር ምን ያደርግልናል?» ብለውናል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተደርጎ የተሠራ የሁላችንም ኩራት ነው፤ እኛም ቦንድ ገዝተንበታል። ነገር ግን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ከፍተኛው መስመር አንድ ቦታ ሲቆረጥ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ጎረቤታችን ላሊበላ፣ ኃይል የምታገኝበት የአላማጣ ማከፋፈያ በጦርነቱ ምክንያት ስለተቋረጠባት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ኖራለች። መንግሥትም ራሱ በ2011 ዓ.ም. ያሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መስመር ውጭ፣ በሶላርና በመሳሰለው ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ስለዚህ መስመሩ ሲመጣ እሰየው ብለን እንቀበለዋለን፤ ሶላሩም አይጣልም፤ መስመሩ ለጠፋበት ሌሊት ይጠብቀናል።

ሥራው ምን ይጠይቃል?

የሀብሩ ፀሐይ ለማንም የተሰወረች አይደለችም። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሚበዛ ስሌቱ የሚሠራው በክረምቱ ልክ ነው እንጂ በበጋው ልክ አይደለም። ለጤና ኬላው 6 አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ዋት፣ በሌሊት 5 ሰዓት ቢበሩ 210 ዋት ሰዓት ብቻ ይበላሉ። ባለ 200 ዋት ፓኔል በደህና ፀሐይ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያመነጫል፤ በክረምትም አያሳፍርም።

እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ስለምንገኝ ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ጠፍጣፋ ከተኛ ዝናቡ አቧራውን አያጥብለትም። ደግሞም ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ንፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ይደረጋል። ብዙ ሰው ሙቀት ለሶላር ጥሩ ይመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃኑን እንጂ ግለቱን አይደለም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የመርሳ ቆርቆሮ በግንቦት እንዴት እንደሚግል ታውቁታላችሁ።

ፓኔሉ በደንብ ከተያዘ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። የእርሳስ ባትሪ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ሊትየም የሚባለው ባትሪ ይወደዳል፤ ውሃ ግን አይጠይቅም፣ ዕድሜውም ከእርሳሱ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሻጭ ሁሉ ስለ ፓኔሉ ያወራላችኋል፤ እናንተ ስለ ባትሪው ጠይቁ።

የክትባት ማቀዝቀዣን በተመለከተ፣ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ባትሪ የማያስፈልገው የሶላር ማቀዝቀዣ አለ፤ ቀን በፀሐይ በረዶ ይሠራል፣ ሌሊቱን በዚያ በረዶ ይቀዘቅዛል። ይህ የጤናው መሥሪያ ቤት ዕቃ ስለሆነ በደብዳቤ የምንጠይቀው እንጂ ቅሬው የሚገዛው አይሆንም።

የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ

1ኛ. ቅድሚያ ለጤና ኬላው ይሁን። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ ለፈተና ተማሪዎች የማታ ጥናት የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች፤ በመጨረሻ የእድራችን ዕቃ ቤት። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የድምፅ ማጉያ ጠይቀዋል፤ የጠየቁት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ተራቸው ይደርሳል።

2ኛ. ሕንፃው የመንግሥት ቢሆንም ሶላሩ በቅሬው መዝገብ እንደ ድንኳኑ ቁጥር ይውጣለት። ከቀበሌውና ከጤናው መሥሪያ ቤት ጋር በሦስት ቅጂ ውል ይፈረም።

3ኛ. የባትሪ ሣጥን ይቋቋም። ለምሳሌ ያህል ባትሪው 48,000 ብር ቢያወጣና 4 ዓመት ቢያገለግል፣ ለ48 ወርና ለ200 አባል ሲካፈል በአንድ አባል በወር 5 ብር ነው። ትክክለኛው ዋጋ በግዢው ለት ይሰላል። ይህ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ፣ ለለቅሶም ቢሆን፣ አይነካም።

4ኛ. ሁለት ጠባቂዎች ይመረጡ፤ አንደኛዋ እዚሁ ወልዳ ከብዳ የምትኖር እናት ትሁን። መርሳ ወይም ወልድያ ካለ ባለሙያ ዘንድ ተልከው ይሠልጥኑ። ፓኔሉን በየሳምንቱ ማለዳ ይወልውሉ፤ ቀትር ላይ በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋ ሊሰነጠቅ ይችላልና። የዛፍ ቅርንጫፍም ይቆረጥ፤ ማንጎው የማንም ቢሆን።

5ኛ. ከጤና ኬላው ባትሪ ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ ካውያ፣ ምድጃና ምጣድ መሰካት ፈጽሞ ይከልከል። ያጠፋ በቅሬ ደንብ ይቀጣል። ለስልክ በዕቃ ቤታችን ትንሽ ለብቻው የሆነ ፓኔል ይቁም፤ የሚከፈለውም ወደ ባትሪ ሣጥኑ ይግባ።

6ኛ. ያረጀ ባትሪ በየሜዳው አይጣል። እርሳሱና አሲዱ ውሃችንንና ከብቶቻችንን ይጎዳል፤ ደግሞም አሮጌው ሲመለስ በነጋዴው ዘንድ ዋጋ አለውና ከአዲሱ ላይ ያስቀንስልናል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ችግሩ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሌባ አለ፣ መብረቅ አለ፣ ሐሰተኛ ዕቃ የሚሸጥም አለ፤ ጠባቂም ሊሰለች ይችላል። ድንኳኑስ ቢሆን ተሰርቆብን፣ ተቀዶብን ያውቅ የለም? ተሰብስበን፣ ተጨቃጭቀን፣ አዋጥተን መለስነው እንጂ ቅሬውን አላፈረስንም።

ያ «ቅሬ ለሬሳ ነው» ያሉት አባታችን ንግግራችንን ስናዘጋጅ ቤታቸው ሄደን አነጋግረናቸው ነበር። ስለዚያች ሌሊት ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ቃሬዛውን እኔም ተሸክሜ አውቃለሁ። ገንዘቡን ስጡ፤ ቁልፉ ግን ለማይረባ ሰው እንዳይሰጥ» አሉን። እኛም ከዚህ የተሻለ የውሳኔ ሐሳብ የለንም። ውሳኔው የጉባኤው ነው። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ከስብሰባው ስትወጡ ቀና ብላችሁ የጤና ኬላውን ጣሪያ ተመልከቱ፤ ሁለቱ ፓኔሎች አሁንም እዚያው ናቸው። ባለሙያው አይቷቸው «ፓኔሎቹ ደህና ናቸው፤ የጎደላቸው ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ባለቤት ነው» ብሎናል።

ፈጣሪ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ቅሬያችንንም ለመቅበርም ለማዳንም ያብቃልን። አሜን፣ አሚን።